አጎቴ ከመስተዋቱ ጋር ሲጨፍር

አጎቴ የሚጨፍረው መኪናችን ጉድጓድ በገባች ቁጥር ነበር። እኔ ከፊት፣ ከአባቴ ጎን፣ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ ፊቴን ወደ ኋላ እመልስና በትንሿ የኋላ መስኮት አየዋለሁ። እሱ ከጭነቱ ቦታ ላይ፣ በእንጨት መደገፊያው የቆመውን መስተዋት አቅፎ ይቀመጣል። መኪናዋ ዝቅ ስትል ዝቅ ይላል፤ ከፍ ስትል ከፍ ይላል፤ ከዚያም ጉድጓዱ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ መንገዱም ተስተካክሎ ሳለ፣ እሱ ገና ትከሻውን እያርገፈገፈ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ዐይኑን እያጉረጠረጠልኝ ይጨፍራል። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። አባቴ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ ተመልሼ እንድቀመጥ ያዝዘኛል።

ዛሬ የራሴን መኪና የምነዳ ሴት ነኝና ጉድጓድ ካለፈ በኋላ የሚቀጥል ጭፈራ ምን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ገና ፊደል ቈጥሬ መጨረሴ ነበር፤ ሰው የሚጨፍረው ደስ ሲለው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መስተዋት ቈራጭ ነበር። የመስኮቱን፣ የሱቁን ፊት፣ የቁም ሣጥኑን መስተዋት በግቢያችን ባለው መሥሪያ ቤቱ ይቈርጥና በራሱ መኪና ወስዶ ይገጥማል። ጥብቅ ሰው ነበር። በቤታችን ትርፍ ወንበር፣ ትርፍ ትራስ፣ ትርፍ ቃል አልነበረም። መስተዋት የነካ እጅ ዘይት አይነካም፤ መስተዋት የያዘ ሰው አይስቅም፤ ይህ ሕጉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ እየሳቀ የሚናገርን ሰው አያምንም። እውነት ፊቷ ኮስታራ ነው፤ ጥርሷን እያሳየች የምትመጣ ከሆነች ሌላ ናት ይል ነበር።

አጎቴ ደግሞ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጥርሱን ሳያሳይ ደኅና ዋላችሁ ማለት የማይችል ሰው ነበር። የሚያድረው ከመሥሪያ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ሳቂታው ይለዋል። እኔን እሜቴ እያለ ይጠራኛል፤ ጫማዬን ሲያስርልኝ እንኳ እጅ ነሥቶ ነው። አባቴ በሥራው ነቀፌታ አልነበረውም። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ወፍ ዘራሽ ነው ይላል።

ትልቅ መስተዋት በመኪና ሲሄድ ገመድ ብቻ አይበቃውም። ገመዱን ካጠበቁት መስተዋቱን ይሰነጥቀዋል፤ ቢያላሉት ይለቀዋል። ስለዚህ ገመዱ ሲላላ የሚጠብቅ፣ ሲጠብቅ የሚላላ የሰው ገላ ከአጠገቡ ያስፈልጋል። ያ ገላ የአጎቴ ነበር።

በዚያ ዓመት በመኪናችን ላይ አንዳንድ ነገር መለወጥ ጀመረ። እኔም ለውጡን ሁሉ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ግን በሙሉ ለደግ ተረጐምሁት። በግቢያችን ስትቆም ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ አንድ እግሯን አሳርፋ እንደምትቆም የደከመች አህያ ናት። ዐርፋለች ብዬ በአጠገቧ ስሄድ ቀስ ብዬ እረግጥ ነበር። አባቴ ፍሬን ሲይዝ አፍንጫዋን ወደ መሬት ትደፋለች፤ ሰላምታ መሰለኝ። ከቀኙ ጎማ በላይ፣ ከሥር፣ ኳ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ መስተዋቶቹም ያንን ተቀብለው ይንጫጫሉ። እነርሱ እያወሩ ነው ብዬ ጆሮዬን እጥል ነበር።

አንድ ቀን ጧት አጎቴ ከመኪናዋ ኋላ ሄደና፣ ከቀኙ ጎማ በላይ ያለውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። በሙሉ ክብደቱ ተጫናትና ለቀቃት። መኪናዋ ወረደች፣ ወጣች፣ ደግማ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። አባቴ የመቍረጫ ጠረጴዛውን ያጸዳ ነበር።

“ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ” አለ አጎቴ። “ጤነኛ መኪና ሲጫኗት ትወርዳለች፣ ተመልሳ ቀጥ ትላለች። ይቺ ግን እሺ፣ እሺ፣ እሺ ማለት አላቆመችም፤ አማት ፊት የቆመች ምራት መስላለች።”

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። አጎቴ የእኔን ሳቅ ሲሰማ አንድ ጊዜ ደግሞ ተጫናትና እሺታዋን አበዛልኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ አባቴ መልሶ፣ የቀኙ አሞርዛተር፣ ያ የመኪናዋን ነውጥ የሚያበርደው፣ እንደ ሞተ፣ ባሌስትራውም፣ ያ ተደራርቦ መኪናዋን የሚሸከመው የብረት ቅጠል፣ አንዱ ሳይሰበር እንዳልቀረ ነገረው። ይህንንም ሲል ሳቁ ከፊቱ ገና አልወረደም ነበር። አባቴ የሱን ጥርስ አየ፤ የእኔን ጥርስ አየ። ጭነቱን እንጂ መኪናዋን እንዳይነካ አዘዘውና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝሁት ሞቷል የሚለውን ብቻ ነው። ከኛ መካከል አንድ የሞተ ነገር እንዳለና ማንም እንዳላለቀሰለት ሳስብ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወንበሩ ሥር እግሬን መዘርጋት ፈራሁ።

አባቴ መኪናዋን በየማለዳው ይወለውላል። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ነው። ጨርቁን የማቀብለው እኔ ነበርሁ። ከመሬት ላይ ንጹሕ ምንጣፍ ያነጥፍና በጀርባው ተንጋሎ ይገባል፤ በቀኙ አሞርዛተር ላይ ሁልጊዜ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ እርጥበት ያገኛል። ይህ መንገድ እንዴት ያለ ቈሻሻ ነው እያለ በጥንቃቄ ይጠርገዋል። ጨርቁን ሲመልስልኝ ዘይት ዘይት ይሸታል። በማግሥቱ እርጥበቱ ተመልሶ ይገኛል፤ አባቴም ተመልሶ ይጠርገዋል።

ያ እርጥበት የመኪናዋ አቤቱታ እንደ ነበር ዛሬ ዐውቃለሁ፤ አባቴ በየማለዳው ሳይሰማ ይደመስሰው ነበር። ከክፋት አይደለም፤ ከስንፍናም አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ በመስተዋት ላይ የቀረችን የጣት አሻራ ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ እድፍ የሚነግረው ነገር ይኖራል ብሎ ሊያስብ አልቻለም። እድፍ ለሱ የሚጠረግ ነገር ብቻ ነበር።

ቀጥሎ መስተዋቶች ጠርዛቸው እየተሰነጠቀ መድረስ ጀመሩ። አባቴ ጥፋቱ የአያያዝ ነው አለ። አልጮኸም፤ የእናቴን አሮጌ ብርድ ልብሶች ለመናትና በመደገፊያው ላይ፣ በጭነቱ ወለል ላይ፣ ከትንሿ መስኮት በቀር በሾፌሩ ክፍል ጀርባ ላይ ደራርቦ ቸነከራቸው። ከዚያ በኋላ መኪናችን ጸጥ አለች። ኳ የሚለውም ራቀ፤ መስተዋቶቹም መንጫጫታቸውን ተዉ። ሁሉም የታረቀ መሰለኝና ደስ አለኝ። የታፈነ ድምፅ የዳነ ሕመም አለመሆኑን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ አባቴንም እንደዚሁ።

አጎቴ ግን ጭፈራውን አበዛ። አሁን ከወገቡ ብቻ ሳይሆን ከመቀመጫው ጭምር ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜ አየር ላይ ቆይቶ የሚወርድ ይመስለኛል። ሲወርድ ፊቱ ለቅጽበት ይጨማደዳል፤ ወዲያው ዐይኔን ሲያገኘው ምላሱን ያወጣልኛል። አንድ ቀን ከቤት እግሩን ሲታጠብ ጉልበቱ ዙሪያውን ጠቊሮ አየሁ። ምን እንደ ነካው ጠየቅሁት።

“ጭፈራ ነዋ፣ እሜቴ። ያለ ጠባሳ ጭፈራ የተማረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?”

እኔም ጭፈራ ይዞኝ እንደ ሆነ ለማየት ጉልበቴን ከግድግዳው ጋር ደጋግሜ አጋጨሁት። ዐመመኝ እንጂ አልጠቈረም።

በዚያ ሰሞን ከእራት በኋላ እናቴና አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገሩ ነበር። እኔ ዕቃ እያነሣሁ በበሩ ስመላለስ ቁርጥራጩን እሰማለሁ። እናቴ ስለ አደራ ትናገራለች፤ እናቷ ዐይኗን ስትከድን በእጇ የተወችላት እሱን ብቻ እንደ ሆነ ታነሣለች። አባቴ ቃሉን እየመዘነ ይመልሳል።

“ሰው የፈራው ነገር ካለ ቀጥ ብሎ ይናገራል። ወንድምሽ ፈርቻለሁ ብሎኝ አያውቅም።”

“አንተ ፊት ማን ፈርቻለሁ ይላል?” አለችው እናቴ።

እኔ ሳህኑን እንደ ያዝሁ ቆምሁ። አጎቴ ምን ሊፈራ ይችላል? ለመንደሩ ውሻ ሁሉ ስም ያወጣ ሰው ነው። ቢሆንም ከዚያ ምሽት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው የጠባቧን ክፍል በር ነበር፤ ጫማው ከደጁ ካለ ልቤ ይመለሳል። ለምን እንደምሠጋ አላውቅም። ልጅ የነገሩን ስም ሳያውቅ ፍርሀቱን ይወርሳል።

ከዕለታት አንድ ቀን ለልብስ ሰፊዎች ቤት ግድግዳ የሚሆን መስተዋት ተዘጋጀ። አባቴ እንዲህ ያለ ትልቅ ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ በጠረጴዛው ላይ ሲተኛ የመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ በሙሉ ውስጡ ገባ። የሰፊዎቹ ቤት ያለው ከቁልቁለቱ ሥር፣ መታጠፊያውን አልፎ ነው። ጧት ሁለቱ ተጋግዘው መስተዋቱን መደገፊያው ላይ አቆሙት። እኔ የትምህርት ቤቴ መንገድ በዚያው ስለ ሆነ ቦርሳዬን ይዤ ከፊት ተቀምጬ ነበር።

አጎቴ አልወጣም። ከመኪናዋ ኋላ እጆቹን ወደ ታች ለቆ ቆመ።

“ጋሼ፣ ዛሬ ይቅርብኝ።”

አባቴ ምክንያቱን ጠየቀው። አጎቴ ቀና ሲል እኔን በመስኮቱ አየኝ፤ አየኝና ፈገግ አለ። ሆዱን እንደ ቈረጠው ተናገረ። አባቴም፣ ትናንት ከሁላችን ይልቅ የበላው ሆድ ዛሬ በሥራ ሰዓት መታመሙ እንደ ገረመው መለሰለት።

እናቴ እጇ እንደ ረጠበ ከጓዳ ወጣች። ወደ ወንድሟ ሄደችና ሸሚዙን ከጎኑ ገለጠችው። ከብብቱ በታች እስከ ወገቡ ድረስ በልዞ ነበር፤ መሐሉ ጥቁር፣ ዳሩ ቢጫ። አጎቴ ሸሚዙን ወደ ታች ሊስብ ታገላት።

“ሆዱን አልቈረጠውም” አለች። “ይኸው።”

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መስተዋት የሚይዝ ሰው መጋጨቱ እንደማይቀር፣ እሱም በወጣትነቱ ብዙ መጋጨቱን ተናገረ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

“እንግዲያው ዛሬ አንተ ያዘው” አለች እናቴ። “እሱ ይንዳ።”

አባቴ ራሱ የማያደርገውን ማንንም አዝዞ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ ሁላችን እናውቃለን። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለአጎቴ ሰጠው። አጎቴ አልቀበልም አለ፤ እናቴን ለመናት፤ እኔው እይዘዋለሁ፣ ተዉ፣ ቀልዴን ነው አለ። አባቴ ግን ከጭነቱ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። ያን ጊዜ አጎቴ ወደ እሱ ቀረበና፣ ፈጽሞ በማላውቀው ዝግ ያለ ድምፅ እንዲህ አለው፦

“በእጅዎ አይመኑ ጋሼ፣ እጅ ይዝላል። በጉልበትዎ ይደግፉት። ፊትዎን ወደ እሱ ያድርጉ፤ ከመጣም ሲመጣ ያዩታል።”

“መስተዋት መያዝ ልታስተምረኝ ነው?”

“ኧረ መስተዋቱንስ እርስዎ ያውቁታል። እኔ ስለ መኪናዋ ነው።”

ወጣን። አጎቴ እንደ ኤሊ ቀስ እያለ ይነዳ ነበር። ሌሎች መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ያልፉናል። እኔ ከጎኑ ሆኜ ቀልድ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ከጆሮው ሥር ላብ ወረደ፤ አልጠረገውም። ከአባቴ ጋር ቦታ ሲለዋወጡ ጠባያቸውንም የተለዋወጡ መሰለኝና ቅር አለኝ። ስለዚህ ተንበርክኬ ወደ ኋላ ዞርሁ።

መኪናዋ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ገባች። አባቴ ተነሣ፣ ወረደ፣ ተነሣ፣ ወረደ። ባርኔጣው ወደቀ። አባቴ ይጨፍር ነበር! በዕድሜዬ ከዚያ የበለጠ ደስታ አይቼ አላውቅም ነበርና አጨበጨብሁለት።

“እሜቴ፣ እያየሽው ነው?” አለ አጎቴ፣ ፊቱን ሳያዞር።

“እየጨፈረ ነው” አልሁት።

አጎቴ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ወደ ቁልቁለቱ ደረስን። ከመታጠፊያው በፊት ሰው ሊሻገር ወጣና አጎቴ ፍሬን ያዘ፤ ቀስ ብሎ ነበር የያዘው። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፤ ኋላዋ ተነሣና ወደ ቀኝ ተወዛወዘ፤ ከወለሉ ሥር እንደ ተሰበረ አጥንት ያለ ነገር ሲጮኽ በብርድ ልብሱ ውስጥ እንኳ ተሰማ። መስተዋቱ ከመደገፊያው ተነሥቶ ወደ አባቴ መጣ። አባቴ በጉልበቱ፣ በደረቱ፣ በመጨረሻም በፊቱ ተቀበለው። ጉንጩን ከመስተዋቱ ጋር ሲያጋጥም፣ ሁለት አባቶች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው አየሁ። የሚሳሳሙ መሰለኝ።

አፉ ተከፍቶ ነበር። የሚዘፍን መሰለኝ። አባቴ አቁም እያለ ይጮኽ ነበር፤ ድምፁን ያፈነው እሱ ራሱ የቸነከረው ብርድ ልብስ ነበር። አጎቴን ያቆመው የአባቴ ተረከዝ ነው፤ የሾፌሩን ክፍል ጀርባ ሲደበድብ ከወንበራችን ላይ ተሰማን።

መኪናዋ ቆመች። አጎቴ በሩን ሳይዘጋ ዘሎ ወጣ፤ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ የመስተዋቱን ክብደት በትከሻው ተቀበለ። እኔም ጭብጨባዬን ሳላቆም ወረድሁ። አባቴ ወዲያው መውረድ አልቻለም። ሲወርድ ከመንገዱ ዳር ተቀመጠ። ጉንጩ ላይ የመስተዋቱ ጠርዝ የተወው መስመር ነበረ፤ ደም ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ወደ ፊቱ ተጠግቼ አየሁትና እጆቼ በራሳቸው ቆሙ። የተጫወተ ሰው ፊት አልነበረም። እንዲህ ያለ ፊት ከዚያ በፊት በአንድ ቦታ አይቼ ነበር፤ በኋላ መስኮት፣ አጎቴ ምላሱን ከማውጣቱ በፊት ባለችው ቅጽበት።

ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብሁም። ያሰብሁት አባቴ ጭፈራ አይችልበትም ብዬ ነው። ሁለቱን ፊቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኋቸው አድጌ፣ የራሴን መኪና እየነዳሁ፣ ከመንገድ ዳር በድንገት ባቆምሁ ቀን ነው።

አባቴ ተነሣና ከመኪናዋ ሥር ገባ። ምንጣፍ አላነጠፈም፤ በአቧራው ላይ በጀርባው ተንጋለለ። መስተዋቱን ከሰፊዎቹ ቤት ሊቀበለን የመጣ አንድ ሰው ሲይዝለት አጎቴም ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሳየው። የባሌስትራው ቅጠል ለሁለት ተሰብሮ ነበር። አዲስ ስብራት ያበራል፤ ይኼ ግን ዝጎ ነበር። አባቴ ሲወጣ ጣቱ ላይ ጥቁር ዘይት ነበረ። ጨርቅ ላቀብለው ከኪሱ መዘዝሁ፤ አልተቀበለኝም።

መኪናዋን ወደ ዳር ገፍተው ጎማዋን በድንጋይ አስደገፉ። አባቴ ሰፊውን አመስግኖ አሰናበተውና፣ መስተዋቱን በእጃቸው ተሸክመው ቀሪውን መንገድ በእግር እንደሚሄዱ ተናገረ። አጎቴ ከፊት፣ አባቴ ከኋላ ያዙ። እኔ ከሁለቱ ቀድሜ እየሄድሁ ጉድጓድና ድንጋይ ባየሁ ቁጥር እንድናገር ታዘዝሁ። ከዚያ ቀን በፊት አባቴ አንዳች ነገር እንድናገር አዝዞኝ አያውቅም፤ ዝም እንድል ነበር እንጂ። መንገደኛው ሁሉ ዳር እየያዘ ሲያሳልፈን ሹመት የተሰጠኝ መሰለኝ።

ከኋላዬ እስከ መታጠፊያው ድረስ ትንፋሻቸውን ብቻ ሰማሁ። ከዚያ አባቴ ተናገረ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከክረምቱ በፊት።”

“አልነገርከኝም።”

“ነግሬዎታለሁ፣ ጋሼ።”

“እየሳቅህ ነው የነገርከኝ። ከኋላም ሆነህ ስትስቅ በስፖኪዮ አይሃለሁ። የፈራ ሰው ይስቃል?”

አጎቴ ክብደቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያዛውር ሰማሁ።

“ልጅቷ በመስኮቱ ታየኝ ነበራ” አለ።

ልጅቷ እኔ ነበርሁ። ደኅና አድርጋ ታይ ነበር ብሎ ያመሰገነኝ መሰለኝ። ጀርባዬን አቀናሁ፤ ዐይኔን ከመንገዱ ላይ አላነሣሁም፤ ከፊቴ ያለ ድንጋይ ሁሉ እንዳያመልጠኝ ተጠነቀቅሁ። ከኋላዬ እርምጃቸው ቆመ። ምን ሆኑ ብዬ ልዞር ስል እርምጃው እንደ ገና ጀመረ፤ አሁን ግን ከፊተኛው የዘገየ ነበር።

“ጎንህን አሞሃል” አለ አባቴ። ድምፁን አላወቅሁትም። “ወደ እኔ አዘንብለው።”